ያልፈለፈለቻቸውን ያሳደገች ድርጭት

ድርጭት የሚለውን ስም አብዛኞቻችን የምናውቀው ከኦሪት ዘፀአት ነው። እስራኤላውያን በምድረ በዳ ሥጋ ባማራቸው ጊዜ ምሽት ላይ መጥታ ሰፈራቸውን የሸፈነችው ወፍ እሷ ናት። ገጠር ያደገ ሰው ደግሞ በእህል ማሳ ውስጥ ሲያልፍ ከእግሩ ሥር ድንገት ብር ብላ ተነስታ፣ ጥቂት በርራ፣ መልሳ የምትሸሸገዋን ትንሽ ወፍ ያስታውሳል። በቤት የምትረባው የዚያች የቅርብ ዘመድ የሆነችው የጃፓን ድርጭት ናት። ጃፓኖች በጥንት ጊዜ ያረቧት ለድምጿ ሲሉ ነበር፤ ለእንቁላሏ ተብላ በብዛት መርባት የጀመረችው ከ100 ዓመት ገደማ ወዲህ ነው።

እኛ ቤት የገባችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ቢሾፍቱ የዶሮ አገር ናት፤ በየሰፈሩ የሚያረባ ሰው አይጠፋም። እኔም ጡረታ ስወጣ ዶሮ ላርባ ብዬ ሳስብ አንድ ወዳጄ «ግቢህ ጠባብ ነው፤ ለምን ድርጭት አትሞክርም?» ብሎ 2 ወንድና 8 ሴት ሰጠኝ። እውነትም ለጠባብ ግቢ የተፈጠረች ናት። በ6 ወይም በ7 ሳምንቷ እንቁላል መጣል ትጀምራለች። እንቁላሏ ቡራቡሬ ነው፤ 10 ግራም ገደማ ይመዝናል። የቀን መኖዋ እፍኝ አይሞላም።

አንድ ነገር ግን አታደርግም፤ አትታቀፍም። የዱሯ ድርጭት ሣር ውስጥ ጎድጎድ ያለ ቦታ አዘጋጅታ ብቻዋን ትታቀፋለች፤ ብቻዋን ታሳድጋለች። የቤቷ ግን ከሰዓት በኋላ እንቁላሏን ባለችበት ትጥልና ዞር ብላም ሳታየው ትሄዳለች። ምክንያቱ እኛው ሰዎች ነን። ወፍ ስትታቀፍ መጣል ታቆማለች፤ ሰው ደግሞ እንቁላል ስለሚፈልግ ትውልድ በትውልድ ሳታቋርጥ የምትጥለዋን ብቻ እየመረጠ አራባ። በዚህ መካከል የመታቀፍ ጠባይዋ እየደበዘዘ ሄደ።

ስለዚህ የድርጭት ጫጩት የሚወጣው ከመፈልፈያ ማሽን ነው። 37.5 ዲግሪ ሙቀት፣ በቂ እርጥበት፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ እንቁላሉን መገላበጥ፤ በ17ኛው ወይም በ18ኛው ቀን ይፈለፈላል። ዋናው ፈተና የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጫጩቷ ክብደቷ 8 ግራም ገደማ ነው፤ የአውራ ጣት ጫፍ ታህላለች። በተወለደችበት ቀን ትራመዳለች፤ ራሷ ትለቅማለች። የገላዋን ሙቀት መያዝ ግን አትችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ትፈልጋለች፤ ከዚያ በየሳምንቱ በ3 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ላባዋ እስኪሞላ ድረስ ሦስት አራት ሳምንት ይፈጃል። ይህን ሙቀት የሚሰጣት አምፖል ነው። አምፖሉ ደግሞ በመብራት ነው የሚሠራው፤ መብራት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

የዚህች ወፍ ነገር የቤታችን ዋና ጉዳይ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው። በመስከረም የወንድሜ ልጅ ከእኛ ጋር ለመኖር መጣች። 7 ዓመቷ ነበር። እናቷ ለወራት ታማ በነሐሴ አረፈች። ወንድሜ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በወር ውስጥ ቤቱ የሚያድርባቸው ሌሊቶች በጣት ይቆጠራሉ። ከለቅሶው በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ ሲመክር ባለቤቴ ማንም ሳይጠይቃት «እኛ ጋ ትሁን» አለች። ልጆቻችን አድገው ወጥተዋል፤ ቤቱም ባዶ ነበር።

ልጅቷ አላስቸገረችንም። ያስጨነቀንም ይኸው ነው። ያቀረቡላትን ትበላለች፣ ተኚ ሲሏት ትተኛለች፣ ለሁሉም ነገር «እሺ እትዬ» ትላለች። አታለቅስም፤ አትጠይቅም፤ አትቆጣም። ባለቤቴ ልታቅፋት ስትሞክር እንደ እንግዳ ልጅ ደርቃ ትቆማለች። ስለ እናቷ አንድ ቃል አይወጣትም። አባቷ ከመንገድ ሲደውል ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ታዳምጣለች፤ «ደህና ነኝ» ብላ ትመልሳለች። ፊቷ ሲፈታ የምናየው ድርጭቶቹ ጋ ስትሄድ ብቻ ነበር።

በኅዳር 11 ጫጩቶች ተፈለፈሉ። በሦስተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። የኅዳር ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ባለቤቴና እኔ የፈላ ውሃ በጠርሙስ እየሞላን፣ በጨርቅ እየጠቀለልን፣ ካርቶኑ ውስጥ እያስገባን እስኪነጋ ተፈራረቅን። ጠዋት 9 ቀርተው ነበር። ልጅቷ ቆጠረቻቸው። ሁለቱን ሞቶች አየቻቸው፤ አላለቀሰችም። በረት ውስጥ ወደሚመላለሱት ትልልቆቹ ድርጭቶች አየችና «እናታቸው እዚህ አይደለችም እንዴ? ለምን አታሞቃቸውም?» አለችኝ።

ከመጣች ወዲህ የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር። መልስ ይገባው ነበርና ማሰብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የእናቴ ዶሮዎች ናቸው። እናቴ ሁለት ዶሮ በአንድ ሰሞን ታስታቅፍና ሲፈለፈሉ የሁለቱንም ጫጩቶች ለአንዷ ትሰጥ ነበር። ሌላዋ ቶሎ ወደ መጣሏ ትመለሳለች። ይህ በብዙ የገጠር ቤት የታወቀ ዘዴ ነው። ጫጩት የምትቀላቅለው ግን ሁልጊዜ ጨለማ ሲሆን ነው። ኩራዝ ሳትይዝ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ እጇን ከዶሮዋ ሥር ሰድዳ አንድ በአንድ ታስገባለች። ዶሮዋ ሌሊቱን ሲንቀሳቀሱባት፣ ሙቀታቸው ሲሰማት አድራ ጠዋት ሁሉንም የራሷ አድርጋ ይዛ ትወጣለች። ጭላት ሲያንዣብብም የራሷን ከሌላው ሳትለይ ሁሉንም ክንፏ ሥር ትሰበስባለች።

የእናቴ ዶሮ ግን 21 ቀን ታቅፋ፣ ገላዋም ልቧም ለጫጩት ተዘጋጅቶ ነው። ምንም ያልታቀፈች ድርጭትስ? ይህን ሳጣራ ነው በፈረንሳይ ሬን ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ጠባይ የሚያጠኑ ሰዎች በዚችው የጃፓን ድርጭት ላይ ለዓመታት እንደሠሩ ያነበብኩት። ያልታቀፈችን ሴት ድርጭት በጠባብ ቦታ ያስቀምጧታል፤ መብራት ጠፍቶ ጨለማ ሲሆን በቅርቡ የተፈለፈሉ ጫጩቶች ሥሯ ይሰዱላታል፤ ሌሊቱን አብረው ያድራሉ። ብዙዎቹ ሲነጋ እናት ሆነው ይገኛሉ። የደበዘዘው ጠባይ ጨርሶ አልጠፋም ማለት ነው፤ የሚቀሰቅሰውም የጫጩቱ ገላ መንካቱ ነው። ከእናቴ ዘዴ የሚለየው ያለ መታቀፍ መሆኑ ብቻ ነው።

ጫጩቶቹም የራሳቸው ጊዜ አላቸው። ከእንቁላል በወጡ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት አጠገባቸው ያገኙትን እናቴ ብለው በአእምሯቸው ያትማሉ። ኦስትሪያዊው ኮንራድ ሎሬንዝ የዝይ ጫጩቶች ሰውን ሳይቀር እንደ እናት ተከትለው እንደሚሄዱ በማሳየቱ ይታወቃል፤ በእንስሳት ጠባይ ላይ ላደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ስለዚህ በአምፖል ያደጉት የኅዳር ጫጩቶች ጊዜያቸው አልፏል። አዲስ መፈልፈል ነበረበት።

በታኅሣሥ መጀመሪያ 12 እንቁላል ማሽን ውስጥ ገባ። ልጅቷ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ አውርዳ በየቀኑ አንድ አንድ መስመር ታሰምር ጀመር። እስከዚያው እናት የምትሆነዋን መምረጥ ነበረብን። እጃችንን ቀስ ብለን በረት ውስጥ እናስገባለን፤ የምትዘለዋንና ከሽቦው የምትላተመዋን እንተዋለን፤ ጥቂት ፈቀቅ ብላ የምትቆመዋን ምልክት እናደርግባታለን። ሴቷን ከወንዱ መለየት ቀላል ነው፤ የወንዱ ደረት ቀላ ያለ ቡናማ ሲሆን የሷ ደረት ነጠብጣብ አለው። ሁለት ረጋ ያሉ አገኘን።

በ17ኛው ቀን 8 ጫጩቶች ወጡ። ላባቸው እስኪደርቅ ቆየን። ሁለቱን ሴቶች ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ለየብቻ ገለባ በተነጠፈባቸው ጠባብ ሳጥኖች አስገብተን ቦታውን እንዲለምዱ ተውናቸው። ወንዶቹን አራቅን፤ ወንድ ድርጭት ጫጩት ሊወጋ ይችላል። መሸ። መብራቱን አጠፋን። ለመጀመሪያዋ አራት ጫጩት ከኋላዋ በኩል ከሆዷ ሥር ሰደድኩላት። ልጅቷ አጠገቤ ተንበርክካ ትንፋሿን ይዛለች።

አልተቀበለችም። ተነስታ ጥግ ያዘች፤ ጫጩት ሲጠጋት ወጋችው። ጫጩቶቹ በኃይል ይጮኻሉ፤ ይህ ጩኸት የብርድና የመጥፋት ጩኸት ነው፣ ጆሮ ይለየዋል። ጥቂት ጠበቅንና አወጣናቸው፤ ወደ አምፖሉ መለስናቸው።

ለሁለተኛዋ አምስት ሰጠናት። የድርጭት ገላ ጠባብ ነውና ከዚያ በላይ አይሸፍንም። እሷም መጀመሪያ ተነሳች። አንድ ጊዜ ወጋች። ከዚያ ቆመች። ጫጩቶቹ እየጮኹ ወደ ሙቀቱ፣ ወደ ሆዷ ገቡ። እኛ ምንም አናይም፤ የምንሰማው ድምፃቸውን ብቻ ነው። ጺው ጺው የሚለው ከአምስት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ አንድ ወረደ። በመጨረሻ ዝም አለ።

«ሞቱ?» አለችኝ ልጅቷ በሹክሹክታ።

«አይደለም፤ ሞቃቸው» አልኳት። ጫጩት ዝም የሚለው ሲሞቀው ነው።

ያን ሌሊት በየግማሽ ሰዓቱ እየተነሳሁ ጆሮዬን ሳጥኑ ላይ አደርጋለሁ። ባለቤቴ «ተው ተኛ፤ እሷ አለች አይደለም?» አለችኝ፤ ራሷ ግን አልተኛችም። ጠዋት ሳጥኑን ስንከፍት ድርጭቷ ላባዋን ነፍታ፣ ክንፎቿን ከጎኗ ከፈት አድርጋ ተኝታለች። አንዲት ጫጩት ጭንቅላቷን በክንፏ መካከል አውጥታ አየችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድርጭቷ ከዚህ በፊት ሰምተነው የማናውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ ማሰማት ጀመረች። ምግብ ስታገኝ በዚያ ድምፅ ትጠራቸዋለች፤ አምስቱም ይሮጣሉ።

መሞከር ለሚፈልግ ሰው የተማርነውን ባጭሩ ልናገር። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ሳያልፋቸው ይሁን። ማታ ይሁን። ቦታው ጠባብ ይሁንና እናትየዋ ሸሽታ የምትርቅበት አይኑር። ሳታቋርጥ የምትወጋ ከሆነ ጫጩቶቹን ወዲያው ማውጣት ነው፤ በግድ እናት የሆነች የለችም። የመጀመሪያዋን በማግስቱም ሞክረናት እምቢ ብላለች፤ ወደ በረቷ ተመለሰች፤ ጥሩ እንቁላል ትጥላለች፤ ቅያሜ የለንም። የውሃ ዕቃው ጠፍጣፋ ሆኖ ውስጡ ጠጠር ይደርደርበት፤ የድርጭት ጫጩት በሁለት ጣት ውሃ ትሰምጣለች። መኖው የጫጩት መኖ ሆኖ ደቆ ይሰጥ። ድመትና ጉንዳን የማይደርሱበት ቦታ ይፈለግ። አምፖሉንም ቶሎ አይነቅሉት፤ እናትየዋ ሐሳቧን ብትለውጥ ያስፈልጋል።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ነው ልጅቷ ሁለተኛውን ጥያቄ ያመጣችው። ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች፣ እኔ ጋዜጣ እያነበብኩ ነበር። ከግቢ ገብታ በሩ ላይ ቆመችና «ጫጩቶቹ እናታቸው እንዳልሆነች ያውቃሉ?» አለች።

እኔ ዝም አልኩ። ባለቤቴ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እነሱ አያውቁም» አለቻት። «ትንንሽ ናቸው፤ ጨለማም ነበር። አንቺ ግን ታውቂያለሽ። እኔም አውቃለሁ። አንቺ እናት አለሽ፤ እናትሽ እሷ ናት። እኔ እትዬ ነኝ።»

ልጅቷ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ጠጋ ብላ ተቀመጠችና ስለ ፀጉሯ ማውራት ጀመረች። እናቷ ሹሩባ ስትሠራት እንዴት መሐል ለመሐል እንደምትከፍላት፣ ቅባቱን መጀመሪያ በመዳፏ እንደምታሞቀው፣ ስትጎነጉን ጎትታ እንደማታሳምማት ነገረቻት። አራት ወር ሙሉ ባለቤቴ ወደ ኋላ ስታስይዛት አንድ ቀን «እንዲህ አይደለም» ብላ አታውቅም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱ በረንዳው ላይ ተቀመጡ፤ ልጅቷ እያዘዘች፣ ባለቤቴ እየሠራች። ማታ ላይ ሁለቱ አልጋው ላይ ተቀምጠው የእናቷን ፎቶግራፍ እያዩ አገኘኋቸው። ልጅቷ ታለቅስ ነበር፤ ባለቤቴ ላይ ተደግፋ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ለድርጭት የሚሠራው ዘዴ መሠረቱ ጨለማ ነው፤ እናትየዋም ጫጩቶቹም ሳያውቁት ነው ነገሩ የሚያልቀው። የሰው ልጅ ግን እንዲህ አይያዝም። ሙቀቱን ይፈልጋል፤ መሰንበቱን፣ ሌሊት አጠገቡ ሰው መኖሩን ይፈልጋል፤ የማን ልጅ እንደሆነ ግን በብርሃን መነገር አለበት። ዘመዶቻችን በቅን ልብ «እናቷን አታንሱባት፣ ትረሳዋለች» ብለውን ነበር። የሚረሳ ነገር አይደለም። ስሟ የማይጠራ እናት ልጁ ውስጥ ብቻዋን ትቀራለች፤ ልጁም ከእሷ ጋር ብቻውን ይቀራል።

አባቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር ብዬ አምናለሁ። የጡት ልጅ ሲደረግ ማር የተቀባ ጣት የሚያጠቡት በሰው ፊት ነው። ከኦሮሞ ባህል ወደ ሁላችንም ቋንቋ የገባው ጉዲፈቻ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ተመርቆ፣ ተመስክሮ ነው የሚፈጸመው፤ ማንም ልጁን ሰርቆ እቅፉ ውስጥ አይከትም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ጉዲፈቻ የተደረገ ልጅ ከትውልድ ቤተሰቡ ጋር ያለው ትስስር እንደማይቋረጥ ይደነግጋል። ማሳደግ የቀድሞውን ሳይነጥቁ መጨመር ነው። የልጅ ልጆቻቸውን፣ የእህት የወንድም ልጆችን የሚያሳድጉ አያቶችና ዘመዶች በየቤቱ አሉ። እናቲቱ ዓረብ አገር ሄዳም ይሁን፣ ሞታም ይሁን፣ ከአባት ተለያይታም ይሁን፣ ስሟ ቤት ውስጥ በደህና እንዲጠራ ማድረግ የሚችሉት እነሱ ናቸው።

የሬን ተመራማሪዎች ሥራ ግን ሌላም ነገር አስተምሮኛል። ደንጋጣ ድርጭት ያሳደገቻቸው ጫጩቶች ደንጋጣ ሆኑ፤ ረጋ ያለችው ያሳደገቻቸው ረጋ ያሉ ሆኑ። በደም የማይገናኙ ናቸውና ይህ ከዘር አልመጣም፤ ከእቅፉ ነው የመጣው። እኛም ግቢ በትንሹ አይተነዋል። በአምፖል ያደጉት ሦስቱ ሰው ባለፈ ቁጥር ወደየጥጉ ይበተኑና ይዘላሉ። አምስቱ ሮጠው እናታቸው ሥር ይገባሉ፤ እሷ ካልደነገጠች መልሰው ይወጣሉ። ባለቤቴ ይህን ስነግራት ስቃ «እንግዲያው መጀመሪያ እኔ ነኝ መረጋጋት ያለብኝ» አለች። ቀልድ ቢመስልም ልጅቷ በተኛች ቁጥር እየተነሳች ትንፋሿን ማዳመጧን ከዚያ ወዲህ ቀንሳለች።

ድርጭቷ እናትነቷን ሦስት ሳምንት ይዛ ቆየች። ጫጩቶቹ ላባቸው ሞላ፤ ማታ ማታ ከሷ ራቅ ብለው መተኛት ጀመሩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንቁላል ጥላ አገኘናት፤ ዞር ብላም አላየችውም። ልጅቷ ይህ ያሳዝናታል ብዬ ነበር፤ «አድገዋላ» ብላ አለፈችው። ለሰው ልጅ ሦስት ሳምንት አይበቃም፤ ስንት ዓመት እንደሚበቃም የቆጠረ የለም።

ባለቤቴን አሁንም «እትዬ» ነው የምትላት። ወንድሜ ሲደውል የምታወራው በዝቶ አንዳንዴ ካርዱ ያልቅበታል። ማሽኑ ውስጥ ሌላ 15 እንቁላል አለ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይፈለፈላል። እናት የምትሆነዋን ድርጭት የመረጠችው እሷ ናት። እኛን አላማከረችንም።